የሚጠቁምና የሚያረጋግጥ፦ ስለ ሳንባ ግፊት የደም ምርመራ በተዘጋጀ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

ሀ. የሂሱ መነሻ

የአንድ ሙያዊ ትርጉም ጥራት የሚለካው የምንጩ ቃላት አንድ በአንድ አቻ ስላገኙ ብቻ አይደለም። የምንጩ ጸሐፊ ስለ ነገሩ ያለው እርግጠኝነት ምን ያህል እንደ ሆነ ጭምር በትርጉሙ ውስጥ ሊገኝ ይገባል። «ሊሆን ይችላል» የተባለው «ነው» ተብሎ ከተተረጎመ፣ ቃላቱ በሙሉ በትክክል ቢመረጡም እንኳ ትርጉሙ ስሕተት ነው። ይህ ጽሑፍ ይህን ሐሳብ በአንድ ምሳሌ ለማስረዳት ይሞክራል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የሕክምና ጽሑፍ ለቋንቋ ግምገማ ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ደርሶት ነበር። ጽሑፉ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ በሳንባ የደም ቧንቧዎች ውስጥ የሚፈጠረውን የግፊት ከፍታ በደም ምርመራ አስቀድሞ ስለ ማግኘት የሚናገር ሲሆን፣ የተዘጋጀውም ለጤና ባለሙያዎችና ለሕሙማን ነው። የሂሳችን ዒላማ ቃሉ እንጂ ሰውየው ስላልሆነ የተርጓሚውንም ሆነ የአዘጋጁን ስም መጥቀስ አላስፈለገም። ከጽሑፉ ውስጥ በይበልጥ ትኩረታችንን የሳበው የሚከተለው ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የደም ምልክቶች ከፍ ካሉ በሽተኛው የሳንባ ደም ግፊት እንዳለበት ይረጋገጣል፤ ካልጨመሩ ግን ከበሽታው ነጻ ነው።»

ምንጩ የሚለው ግን ሌላ ነው። የንጥረ ነገሮቹ መጠን ከፍ ማለቱ ሕመሙ እንዲጠረጠር ምክንያት ይሆናል፤ ዝቅ ማለቱም ሕመሙ የመኖሩን ዕድል ያሳንሳል እንጂ አያስቀርም ነው የሚለው። ከላይ በተጠቀሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ልዩ ልዩ ችግሮች ተደራርበው ይገኛሉ። አንደኛው «ደም ግፊት» በሚለው ስያሜ፣ ሁለተኛው «የደም ምልክት» በሚለው ሐረግ፣ ሦስተኛው «ይረጋገጣል» በሚለው ግሥ ላይ ነው። ሦስቱንም በየተራ ከመመርመራችን በፊት ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ፅንሰ ሐሳቡን ያልተረዳ የስያሜ ባለሙያ ቃል ሊመርጥ አይችልምና።

ለ. ነገሩ ራሱ

የልብ ቀኝ ክፍል ኦክስጅን ያነሰውን ደም በሳንባ ደም ቅዳ አማካይነት ወደ ሳንባ ይገፋል። ጤነኛ ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ በዚህ ቧንቧ ውስጥ ያለው አማካይ ግፊት 14 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ሲሆን፣ በክንድ ላይ ከሚለካው ግፊት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅተኛ ነው። ሳንባ ለረጅም ጊዜ ሲታመም ግን ነገሩ ይለወጣል። ኦክስጅን ያጠረው የሳንባ ክፍል የደም ሥሮቹን ያጠባል፤ ይህን ጠባይ ስዊድናውያኑ ኡልፍ ፎን ኦይለርና ዬራን ሊልየስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1946 በድመቶች ላይ ባደረጉት ምርምር አሳይተዋል። መጥበቡ በጥቂት የሳንባ ክፍል ብቻ ሲሆን ደሙን ወደ ጤነኛው ክፍል ስለሚመልስ ጠቃሚ ነው። በመላው ሳንባ ሲሆንና ከዚህም ጋር ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች በጠባሳ ሲጠፉ ግን ለልብ ከባድ ሸክም ይሆናል። ግፊቱ ይጨምራል፤ የልብ ቀኝ ክፍልም መጀመሪያ ይወፍራል፣ በኋላም ይደክማል።

ግፊቱ ከስንት በላይ ሲሆን ሕመም ይባላል ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ በየጊዜው ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓለም ጤና ድርጅት በጄኔቭ ካደረገው ስብሰባ ጀምሮ ለረጅም ዘመን የአማካዩ ወሰን 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በኒስ ከተማ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ወሰኑን ከ20 በላይ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ በ2022 የወጣው የአውሮፓ የልብና የሳንባ ሐኪሞች ማኅበራት መመሪያም ይህንኑ ተቀበለ። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም የሚያመጣው ዓይነት ከአምስቱ የሕመሙ ምድቦች በሦስተኛው ውስጥ ይቆጠራል።

ግፊቱን በእርግጠኝነት የሚለካው መንገድ አንድ ነው። ይኸውም ቀጭን ቱቦ በደም መልስ በኩል አስገብቶ እስከ ልብ ቀኝ ክፍልና እስከ ሳንባ ደም ቅዳ ማድረስ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ቬርነር ፎርስማን እ.ኤ.አ. በ1929 ይህን በገዛ አካሉ ሞከረ፤ አንድሬ ኩርናንና ዲኪንሰን ሪቻርድስ ዘዴውን ለምርመራ አበቁት፤ ሦስቱም በ1956 የኖቤል ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ። ዘዴው የሠለጠነ ባለሙያና የተሟላ መሣሪያ ስለሚጠይቅ ሳንባውን ለታመመ ሰው ሁሉ አይደረግም። ለዚህም ነው ሐኪሞች ማን ወደ ልብ የአልትራሳውንድ ምርመራና ወደ ቱቦው እንደሚላክ ለመምረጥ የሚረዳ ቀላል የደም ምርመራ የሚሹት። የደም ምርመራው ሥራ መምረጥ ነው፤ መፍረድ አይደለም። ተርጓሚው የሳተው ይህንኑ ልዩነት ነው።

ሐ. «ደም ግፊት» የሚለው ስያሜ

በአማርኛ «ደም ግፊት» የሚለው ሐረግ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይሸከማል። በአንድ በኩል በማንኛውም ሕያው ሰው የደም ቧንቧ ውስጥ የሚገኘውን የግፊት ልክ ያመለክታል፤ «ደም ግፊቴን ተለካሁ» እንላለን። በሌላ በኩል የሕመም ስም ነው፤ «ደም ግፊት አለበት» ሲባል ግፊቱ ከፍ ብሏል ማለት እንደ ሆነ ማንም አይስተውም። በልማድ ለዚሁ ሕመም «ደም ብዛት» የሚሉም ብዙዎች ናቸው። በዕለት ተዕለት ንግግር አውዱ ስለሚለየው ችግር አይፈጥርም። በሙያዊ ጽሑፍ ግን «የሳንባ ደም ግፊት» ሲባል ልኩ ይሁን ሕመሙ አይታወቅም። በተገመገመው ጽሑፍ ውስጥ «የሳንባ ደም ግፊት የሌለው ሰው» የሚል ሐረግ ይገኛል፤ ቃል በቃል ከተወሰደ በሕይወት የሌለ ሰው ማለት ነው።

ከዚህ የከፋው ጉዳት ግን አንባቢውን ወደ ክንዱ መላኩ ነው። «ደም ግፊት» የሚለውን የሰማ ሕመምተኛ የሚያስበው ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መለኪያ ነው። ይለካል፤ ደኅና ነህ ይባላል፤ ተጽናንቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የክንዱ መለኪያ ግን ስለ ሳንባው ቧንቧ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ሌላው ደግሞ ለተለመደው ደም ግፊት የታዘዘለትን የጎረቤቱን መድኃኒት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ስያሜው ከተለመደው ሕመም ስም ጋር መቀላቀል የለበትም።

አንዳንድ ጸሐፊዎች «ከፍተኛ የሳንባ ደም ግፊት» በማለት ችግሩን ለማቃለል ይሞክራሉ። ይህ የተሻለ ቢሆንም ሌላ እንቅፋት አለው። የሕመሙ ክብደት በደረጃ ሲከፈል የመጨረሻውም ደረጃ በአማርኛ «ከፍተኛ» ይባላል፤ እንዲህ ከሆነ «ከፍተኛ ከፍተኛ ግፊት» ልንል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ «የሳንባ ልዕለ ግፊት» የሚለውን ስያሜ ያቀርባል። «ልዕለ» ከግዕዙ «ልዕለ» የመጣ ሲሆን ከ«ልዑል»ና ከ«ልዕልና» ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ «ልዕለ ኃያል» በሚለው ስያሜም የጋዜጣ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። «ደም» የሚለውን ቃል መተዋችን በክንድ ከሚለካው ለመለየት ሲባል ነው። ክብደቱንም «ቀላል የሳንባ ልዕለ ግፊት»፣ «ከባድ የሳንባ ልዕለ ግፊት» እያልን ያለ ድግግሞሽ ልንገልጸው እንችላለን።

የልክና የሕመም ልዩነት ለአገራችን አንባቢ ባዶ የቃላት ክርክር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ3700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚኖሩ ጤነኛ የአማራ ደገኞችን በ1200 ሜትር ከሚኖሩት ጋር አነጻጽሮ ነበር። የደገኞቹ የሳንባ ደም ቅዳ ግፊት ከቆለኞቹ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ በደም ሥሮቹ ውስጥ ያለው ተቃውሞ ግን አልጨመረም፤ የጨመረው የደሙ ፍሰት ነው ተብሎ ተተርጉሟል። እነዚህ ሰዎች ጤነኞች ናቸው። በእኛ ስያሜ ግን የግፊት ከፍታ ሁሉ የሕመም ስም ከሆነ፣ ደጋ መኖር ራሱ ሕመም ሊሆን ነው። እንግዲህ «ከፍ ያለ የሳንባ ግፊት» ለልኩ፣ «የሳንባ ልዕለ ግፊት» ለሕመሙ ቢለዩ ጥቅሙ ግልጽ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ አንድ የመለኪያ ስም ማንሳት ይገባል። በደም ሥሮች ውስጥ ያለው ተቃውሞ የሚለካው በለንደን ይሠራ በነበረው የልብ ሐኪም በፖል ውድ ስም በተሰየመ መለኪያ ነው። ተርጓሚው «5 ውድ መለኪያ» ብሎ ጽፎታል። አማርኛ አንባቢ ይህን ዋጋው ከፍ ያለ መለኪያ እንደ ሆነ አድርጎ ቢረዳው ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም። «5 የፖል ውድ መለኪያ» ቢባል የሰው ስም መሆኑ ይታወቃል።

መ. «የደም ምልክት» የሚለው ሐረግ

«ምልክት» በአማርኛ እጅግ ሰፊ ቃል ነው። ሕመምተኛው ራሱ የሚሰማው ድካም ምልክት ነው፤ ሐኪሙ በምርመራ የሚያየው የእግር እብጠት ምልክት ነው፤ የመንገድ ሰሌዳ ምልክት ነው፤ በልብስ ላይ የቀረ ጠባሳም ምልክት ነው። በቤተ ሙከራ የሚለካ ንጥረ ነገር ሲታከልበት ቃሉ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። በተገመገመው ጽሑፍ አንድ ገጽ ላይ «ምልክት» ለሦስት ልዩ ልዩ ፅንሰ ሐሳቦች ስለዋለ፣ «ምልክት ሳይኖር ምልክቱ ሊጨምር ይችላል» የሚል እንቆቅልሽ መሰል ዓረፍተ ነገር ተፈጥሯል። ሊባል የተፈለገው ሰውየው ምንም ሳይሰማው ንጥረ ነገሩ በደሙ ውስጥ ሊጨምር ይችላል ነው።

ከዚህ በላይ አሳሳቢው «የ» የሚለው አገናዛቢ የሚፈጥረው አሻሚነት ነው። «የደም ምልክት» ማለት በደም ውስጥ ያለ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የደም ዱካም ሊሆን ይችላል። አማርኛ ተናጋሪ መጀመሪያ የሚረዳው ሁለተኛውን ነው። «የደም ምልክት ከታየ ሐኪም ያማክሩ» የሚለውን ያነበበ፣ በተለይም ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ታሞ የዳነ ሰው፣ የሚያስበው በአክታው ውስጥ የሚታየውን ደም ነው። አክታው ደም ከሌለው ደኅና ነኝ ይላል። ከነቀርሳ በኋላ በሳንባ ላይ የሚቀረው ጉዳት ራሱ ለሳንባ ልዕለ ግፊት ምክንያት ሊሆን የሚችል ስለሆነ፣ ቃሉ የሚያሳስተው በተለይ ሊያስጠነቅቀው የሚገባውን ሰው ነው።

ታዲያ ምን እንበል? «አመልካች» የሚለው ቃል በፍርድ ቤት ቋንቋ አቤቱታ አቅራቢ ማለት ሆኖ ጸንቷል። «ማርከር» ብሎ በውሰት መቀበልም ይቻላል፤ ነገር ግን ውሰት ቃል ስለ ነገሩ ምንም አይነግረንም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ «ጠቋሚ» የሚለውን ይመርጣል። ቃሉ መጥፎ ታሪክ እንዳለው ይታወቃል፤ በዘመነ ደርግ ጎረቤቱን ለባለ ሥልጣን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ጠቋሚ ይባል ነበርና፣ በዚህ ምክንያት የሚቃወሙት አንባቢዎች ይኖራሉ። ይሁን እንጂ ታሪኩ ራሱ ለፅንሰ ሐሳቡ ይስማማዋል። ጠቋሚ የሚናገረው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰትም ሊሆን ይችላል፤ በቃሉ ብቻ የፈረደ ዳኛ ግን ዳኛ አይደለም። በመልካም ጎኑ ካየነውም «ጠቋሚ ጣት» እንላለን፤ ጣቱ ወደ ነገሩ ያሳያል እንጂ ነገሩ አይደለም። ስለዚህ «በደም ውስጥ ያለ ጠቋሚ»፣ በአጭሩም «ደም ውስጥ ጠቋሚ» ቢባል አሻሚነቱ ይወገዳል።

«ጠቋሚ» ለመመደብም ያመቻል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርና ብሔራዊ የጤና ተቋማት በጋራ ባወጡት የሙያ ቃላት መዝገብ ጠቋሚዎች በሰባት ተከፍለዋል፦ የተጋላጭነት፣ የምርመራ፣ የክትትል፣ የወደፊት ሁኔታ፣ የመድኃኒት ተስማሚነት፣ የሕክምና ምላሽና የደኅንነት። አራተኛውና አምስተኛው በእንግሊዝኛ የተለያዩ ቃላት ሲኖራቸው፣ ተርጓሚው ሁለቱንም «ትንበያ» ብሏቸዋል። አንዱ ሕመሙ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሌላው አንድ መድኃኒት ለማን እንደሚጠቅም የሚናገሩ በመሆናቸው ሊለዩ ይገባል። አንድ ንጥረ ነገር በአንዱ ምድብ ጥሩ ሆኖ በሌላው ደካማ ሊሆን ይችላልና።

ሠ. በስሕተት የተሰየመው ጠቋሚ

ከጠቋሚዎቹ ሁሉ በብዛት የተጠናው ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 በመጀመሪያ ከአሳማ አንጎል ያወጡት ንጥረ ነገር ነው። ከአንጎል ስለ ተገኘም የአንጎል ናትሪዩሬቲክ ፔፕታይድ ተባለ። ወዲያው ግን በብዛት የሚሠራው በልብ የታችኛው ክፍል ጡንቻ ውስጥ መሆኑ ታወቀ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ያወጣው ግን ችኮላ ነው። በሙያው ዘንድ ምሕጻረ ቃሉ እንዳለ ቀርቶ ፍቺው ብቻ «ቢ ዓይነት» ተብሎ ተለውጧል። ተርጓሚው ግን አሮጌውን ፍቺ ተከትሎ «የአንጎል ንጥረ ነገር» ብሎ ስለ ጻፈ፣ ሳንባውን ታሞ የሄደ ሰው ስለ አንጎሉ ሊጨነቅ ነው። የምንጭ ቋንቋው ራሱ የተወውን ስሕተት በአማርኛ አዲስ ሕይወት መስጠት አያስፈልግም። እዚህ ላይ መተርጎም ሳይሆን በፊደላችን «ቢ ኤን ፒ» ብሎ መጻፍና አንድ ጊዜ «ከልብ ጡንቻ የሚመነጭ» ብሎ ማብራራት ይበቃል።

ከየት እንደሚመነጭ ማወቁ ለትርጉሙም ወሳኝ ነው። የልብ ግድግዳ ሲወጠር ጡንቻው 108 አሚኖ አሲድ ያለው ቅድመ ንጥረ ነገር ይሠራል፤ ይህም ለሁለት ይከፈላል። 32 አሚኖ አሲድ ያለው ሥራውን የሚሠራው ቢ ኤን ፒ ሲሆን፣ 76 ያለው ደግሞ ኤን ቲ ፕሮ ቢ ኤን ፒ ይባላል። የኋለኛው በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ለመለካት ይመቻል። እንግዲህ ጠቋሚው የሚነግረን ልብ መወጠሩን ነው፤ የሳንባን ግፊት አይለካም። የግራው የልብ ክፍል ሲደክም ይጨምራል፤ ኩላሊት ሲታመም ይጨምራል፤ በዕድሜና በልብ ምት መዛባትም ይጨምራል፤ በወፍራም ሰው ደግሞ ዝቅ ሊል ይችላል። ግፊቱ ጨምሮ ልብ ገና ሸክሙን በሚችልበት ጊዜም ጠቋሚው በጤነኛ ልክ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ለብዙ ዓመታት ትምባሆ ያጨሰ አረጋዊ ሳንባውም ልቡም አብረው ሊታመሙ ስለሚችሉ፣ የጠቋሚው ጣት ወዴት እንደሚያሳይ በቀላሉ አይታወቅም። በ1988 በጃፓን የተገኘው ኢንዶቴሊን-1ም ሆነ ትሮፖኒንና ዩሪክ አሲድ ለዚህ ተግባር ተመርምረዋል፤ አንዱም ብቻውን የቱቦውን ቦታ አልተካም።

ረ. «ይረጋገጣል» የሚለው ግሥ

ተርጓሚው «ይረጋገጣል» ያለው በድፍረት ብቻ አይመስልም። የምንጩን ሐሳብ በቅርብ ከተከተለ «ጥርጣሬ ያሳድራል» ማለት ነበረበት። በአማርኛ «ጥርጣሬ» ግን በሁለት አቅጣጫ የሚቆርጥ ቃል ነው። «ሕመሙ እንዳለበት ይጠረጠራል» ሲባል ወደ መኖሩ ያዘነብላል፤ «ሕመሙ መኖሩ ያጠራጥራል» ሲባል ወደ አለመኖሩ ያዘነብላል። ተርጓሚው ይህን አሻሚነት ሸሽቶ ወደ ሌላው ጽንፍ የሄደ ይመስላል። የሸሸበት ምክንያት መልካም ነው፤ የደረሰበት ቦታ ግን አይደለም። ቋንቋችን መካከለኛ ደረጃዎች አሉት፦ «ይጠቁማል»፣ «እንዲጠረጠር ምክንያት ይሆናል»፣ «ያመለክታል»፣ «ያሳያል»፣ «ያረጋግጣል»። በሙያዊ ጽሑፍ ውስጥ የእነዚህ ግሦች ደረጃ አስቀድሞ ተወስኖ አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይገባ መጠበቅ አለበት።

የዚህን ክብደት ቁጥር ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት ልዩ ልዩ የሳንባ ሕመም የነበራቸውን 176 ሰዎች መርምሮ፣ ከፍ ያለ ቢ ኤን ፒ ሕመሙ ካለባቸው ከመቶ 85ቱን እንዳገኘ፣ ሕመሙ ከሌለባቸው ደግሞ ከመቶ 88ቱን በትክክል እንደ ለየ አስታውቋል። የተገመገመው ትርጉም እነዚህን ሁለት ብቃቶች «ስሜታዊነት 85 በመቶ» እና «ልዩነት 88 በመቶ» ብሏቸዋል። ስሜታዊነት የሰው ጠባይ ነው፤ ልዩነትም ቅሬታ ወይም አለመመሳሰል ነው። «የማግኘት አቅም» እና «የመለየት አቅም» ቢባሉ አንባቢው ሳይጠይቅ ይረዳቸዋል። ከዚህም ሌላ ጥናቱ ሕመም ብሎ የቆጠረው አማካዩ ከ35 በላይ የሆነውን ግፊት እንጂ ዛሬ ወሰን የሆነውን ከ20 በላይ አይደለም። ትርጉሙ ይህን ስላልጠቀሰ ቁጥሮቹ ለቀላሉም ለከባዱም እኩል የሚሠሩ አስመስሏል።

አሁን 2000 ሰዎችን እናስብና የጥናቱን አቅሞች እንዳሉ እንውሰዳቸው። ከነዚህ ሩቡ፣ ማለትም 500ው፣ ሕመሙ ያለባቸው ቢሆኑ ምርመራው 425ቱን ያገኛል፤ ከጤነኞቹ 1500 ሰዎች ግን 180ውን በስሕተት ይጠቁማል። ከተጠቆሙት 605 ሰዎች ከመቶ 70ው በእርግጥ ታማሚዎች ናቸው። ከ2000ው ሕመሙ ያለባቸው 40 ብቻ ቢሆኑ ግን 34ቱ ሲገኙ 235 ጤነኞች ከነርሱ ጋር ይጠቆማሉ፤ በእርግጥ ታማሚ የሆነው ከስምንት ሰዎች አንዱ ብቻ ይሆናል። ምርመራው አንድ ነው፤ የተለወጠው የሚመረመረው ሕዝብ ነው። ሁለተኛው ግምት ከእውነታው የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት የሳንባ አየር መተላለፊያ መጥበብ የነበረባቸውንና በቱቦ የተመረመሩ 998 ሰዎችን ሲቆጥር፣ አማካይ ግፊታቸው 40ና ከዚያ በላይ የሆነው 27 ብቻ ነበሩ። ከነዚህም በ16ቱ ሌላ ምክንያት ተገኝቷል። እንዲህ ባለው ሕዝብ መካከል «ይረጋገጣል» ብሎ መጻፍ ብዙ ጤነኞችን በሕመም ስም መጥራት ነው።

ሰ. ከቃሉ በስተጀርባ ያለው ሰው

አንዳንዶች ይህ ሁሉ የሰዋስው ሰዎች ጥንቃቄ ነው ይሉ ይሆናል። ለዚህ መልሱ በሕክምናው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ለሌላ ዓይነት የሳንባ ልዕለ ግፊት የሚጠቅመው አምብሪሰንታን ምክንያቱ ላልታወቀ የሳንባ ጠባሳ ሲሞከር ሙከራው ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፤ በ2013 የታተመው ውጤትም ሕመሙን የማባባስ ዕድል እንዳለው አሳየ። ሪዮሲጓትም ከሳንባ ጠባሳ ጋር ለሚመጣው ግፊት ሲሞከር ሞትና ከባድ ጉዳት በመጨመሩ ሙከራው ከጊዜው በፊት ቆሟል። በአንጻሩ በትንፋሽ የሚሳበው ትሬፕሮስቲኒል በ326 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤት የመራመድ አቅማቸውን አሻሽሏል። በዚያ ሙከራ መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ ኤን ቲ ፕሮ ቢ ኤን ፒ በ15 ከመቶ ሲቀንስ፣ ባልወሰዱት በ46 ከመቶ ጨምሯል። እዚህ ላይ ጠቋሚው ያገለገለው በሕክምና ምላሽ ጠቋሚነት እንጂ በአረጋጋጭነት አይደለም።

እንግዲህ አንዱ መድኃኒት የሚያድነው፣ ሌላው የሚጎዳው እንደ ሕመሙ ምድብ ነው። ምድቡን የማይለይ፣ ጠቋሚን ከማረጋገጫ የሚያምታታ ጽሑፍ የደረሰው የገጠር ጤና ባለሙያ ወይም በባዕድ አገር በአስተርጓሚ የሚታከም ወገናችን የሚወስነው በዚያው ጽሑፍ መሠረት ነው። «ነጻ ነው» ተብሎ የተሰናበተው ሰው ዳግመኛ አይመለስም፤ «ተረጋገጠ» የተባለውም ሌላ ምርመራ አይጠይቅም።

ለተርጓሚው ፍትሐዊ ለመሆን ያህል መልካም ሥራውንም መጥቀስ ይገባል። «ሥር የሰደደ» የሚለው አገላለጽ በትክክል ውሏል። «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» የሚሉት የትምህርት ቤት ቃላት ሳይለወጡ ተጠብቀዋል። እነዚህ ቃላት ቧንቧዎቹን ደሙ ከልብ በሚወጣበትና ወደ ልብ በሚመለስበት አቅጣጫ እንጂ በደሙ ንጽሕና ስለማይሰይሙ፣ ኦክስጅን ያነሰውን ደም የሚወስደው የሳንባ ደም ቅዳ እንኳ ስሙን አያጣም። ይህ የሚያሳየው ቀደም ብለው በጥንቃቄ የተመረጡ ቃላት ዘመን እንደሚሻገሩ ነው።

በመጨረሻም ለውይይት የሚከተሉትን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለሕመሙ «የሳንባ ልዕለ ግፊት»፣ ለልኩ «የሳንባ ደም ቅዳ ግፊት» ይባል። ሁለተኛ፣ ሕመምተኛው ለሚሰማውና ሐኪሙ ለሚያየው «ምልክት»፣ በቤተ ሙከራ ለሚለካው «ጠቋሚ»፣ ግፊቱን በቀጥታ ለሚለካው ምርመራ «ማረጋገጫ» ተለይተው ይያዙ። ሦስተኛ፣ «የማግኘት አቅም» እና «የመለየት አቅም» በሚሉት ቃላት የሚሰጥ ቁጥር ሁሉ ከየትኛው የግፊት ወሰንና ከየትኛው ሕዝብ እንደ ተገኘ አብሮ ይጻፍ። አራተኛ፣ ምንጩ ራሱ የተዋቸው ስያሜዎች በፊደላችን ይገልበጡ እንጂ አይተርጎሙ። ከነዚህ የተሻለ ቃል ያለው የሙያ ባልደረባ ቢያቀርብ ደስታችን ነው፤ የተሻለው ቃል ግን ጠቋሚን ከማረጋገጫ ሊያቀላቅል አይገባም።